ጎንደርን በእግር ለማየት ላሰባችሁ፦ ዳገቱን በባጃጅ፣ ቁልቁለቱን በእግር

ጎንደር ሄጄ ግንቡን አየሁ ብሎ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ብዙ ነው፣ ግን ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁት ከመኪና ወርዶ አንድ ሰዓት ግቢው ውስጥ ዞሮ ተመልሶ መኪናው ውስጥ የገባ ነው። እኔ እዛው ነው ያደኩት፣ አሁንም ጥምቀት በመጣ ቁጥር ከውጭ የሚመጣውን ዘመድ ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ፣ እና በዚህ ሁሉ ዓመት የገባኝ ነገር ጎንደር በእግር ካልሆነ አትገባም። ከተማዋ አንገረብና ቀሃ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ግራና ቀኝ ይዘዋት መሀል ያለው ጉብታ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማ ሲቆረቁሩ እዚህ ቦታ ላይ ለምን እንደቆሙ በመኪና መስኮት አይታያችሁም፣ እግራችሁ አንዴ ወደ ቀሃ ወርዶ ሲመለስ ግን ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ግን አካሄዱን እንነጋገር። ከመነሳታችሁ በፊት እዛ ያለ ዘመድ ወይ የምታርፉበት ሆቴል ደውላችሁ የሰሞኑን ሁኔታ ጠይቁ፣ ይሄን አትለፉት፣ ባለፉት ዓመታት መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ብዙ ሰው አሁን በአውሮፕላን አዘዞ ነው የሚወርደው። ከተማዋ ከባህር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቴል አቪቭ ወይ ከዱባይ የመጣችሁ ሰዎች የመጀመሪያው ቀን ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፣ የገባችሁበትን ቀን አርፋችሁ ማግስቱን ጀምሩ። ጫማ እባካችሁ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፣ ኮብልስቶኑ ዝናብ ከነካው ሳሙና ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የባሰ፣ እና ቤተክርስቲያን በር ላይ ስለምታወልቁት ቶሎ የሚወልቅ ቢሆን ጥሩ ነው። ሴቶች ነጠላ ያዙ፣ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ውሃ ያዙ። ወሩን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ መስከረም መጨረሻና ጥቅምትን የሚያክል የለም፣ አደዩ ሳይረግፍ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነው የሚጠብቃችሁ።

አሁን አስጎብኚ። የፋሲል ግቢ በር ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ አስጎብኚዎች አሉ፣ እነሱን ያዙ። መንገድ ላይ "ላሳይህ ላሳይሽ" ብሎ የሚከተላችሁን ልጅ በትህትና እምቢ በሉት። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ አገሬ ነው ብዬ ተዘናግቼ ባጅ የሌለው ልጅ ለእንግዶቼ ቀጠርኩ፣ ግማሹን ታሪክ ከራሱ ፈጠረው፣ ሲጨርስ ደግሞ የተስማማነውን እጥፍ ካልከፈላችሁ ብሎ እንግዶቼ ፊት ጮኸብኝ፣ ያን ቀን በጣም ነው ያፈርኩት። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት አፍ አውጥታችሁ ተነጋገሩ፦ ሂሳቡ ለቡድኑ ነው ወይስ በሰው፣ ስንት ሰዓት ነው፣ የባጃጁን ማነው የሚከፍለው፣ የመግቢያ ትኬቱስ። ዋጋ ስትነጋገሩ ግን አጥብቃችሁ አትከራከሩ፣ ከኮሮና ጀምሮ ቀጥሎም በጦርነቱ እንግዳ ጠፍቶ እነዚህ ሰዎች ዓመታት ያለ ስራ የከረሙ ናቸው፣ ብዙዎቹ ሙያውን ትተው ሌላ ስራ ገብተዋል፣ የቀረው የሚወደው ነው የቀረው። ዕድሜው ገፋ ያለ አስጎብኚ ካገኛችሁ ደግሞ አትልቀቁት፣ አንቱ እያላችሁ ከኋላ ከኋላ ተከተሉት፣ መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ነው የምትሰሙት።

ዋናው ብልሃት አንድ ነው፣ ሁሌም ከላይ ጀምሩ። ዳገቱን ባጃጅ ኮንትራት ይዛችሁ ውጡ፣ ቁልቁለቱን በእግር ውረዱ። ይሄን የተማርኩት በአክስቴ ጉልበት ነው፣ ከዋሽንግተን መጥታ ከታች ቀሃ ጋ ካለው ፋሲል መዋኛ ጀመርንና ወደ ፒያሳ በእግር እንመለስ ብዬ ዳገቱን አስወጣኋት፣ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አልቅሳ ነበር፣ ማግስቱን ሙሉ ቀን ተኛች። በሚቀጥለው ዓመት ገልብጠን ሄድን፣ እኔን ቀድማኝ ነው የወረደችው።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በባጃጅ ደብረ ብርሃን ስላሴ ሂዱ። መጀመሪያ ያሰሩት ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ናቸው፣ በደርቡሽ ጊዜ፣ ማለትም የሱዳን መሐዲስቶች ሲወሩን፣ እ.ኤ.አ. በ1888 የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ይሄኛው የተረፈው የንብ መንጋ ወጥቶ ስላባረራቸው ነው ይባላል፣ አስጎብኚው ሲነግራችሁ አታቋርጡት፣ በጎንደር ሰው አፍ ሲነገር ነው የሚጥመው። እዚህ ጋ አስጎብኚ የሌለው ሰው ሁለት ነገር ያመልጠዋል። አንደኛው አጥሩ ነው፣ ዙሪያውን 12 ግንቦች አሉ የሐዋርያቱ፣ 13ኛው የበሩ ግንብ ደግሞ የክርስቶስ ነው፣ እሱም አንበሳ ሆኖ ነው የተሰራው፣ ከቤተክርስቲያኑ በስተምዕራብ አጥሩ ላይ ጅራቱን ሳይቀር ያሳዩዋችኋል፣ ለብቻችሁ ብትሆኑ ድንጋይ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ሁለተኛው ጣሪያው ነው። ጣሪያውን ሁሉም ሰው ያየዋል፣ መላእክቱ ረድፍ ረድፍ ሆነው ክንፋቸውን ዘርግተው ቁልቁል ያዩዋችኋል፣ ግን ቀና ብላችሁ ፎቶ አንስታችሁ አትውጡ፣ አንድ ጥግ ላይ ቆማችሁ አንዱን ረድፍ ብቻ ምረጡና ዓይን ዓይናቸውን እዩ። አንዱ ወደ ጎን ነው የሚያየው፣ አንዱ ያዘነ ይመስላል፣ አንዱ ቅንድቡ ከፍ ብሏል፣ ሰዓሊው ተመሳሳይ ፊት እየደጋገመ አልሄደም፣ እኔ ስንት ዓመት ገብቼ ይሄን ያየሁት አንድ ሽማግሌ አስጎብኚ ትከሻዬን ይዘው "ቀስ በይ ልጄ፣ አንድ በአንድ" ካሉኝ በኋላ ነው። ፍላሽ ክልክል ነው፣ ቀለሙን ይጎዳዋል። እኩለ ቀን ላይ ሊዘጋ ስለሚችል ሰዓቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ትኬቱም ከግንቡ የተለየ ነው።

ከዛ ወደ ፒያሳ በእግር፣ ብዙ አይርቅም፣ እያወራችሁ ቢሆንም ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። አትቸኩሉ፣ ቡና የምትቆላ እናት ካያችሁ እንደምን አደራችሁ ብላችሁ ሰላም በሉ፣ ጎንደር ውስጥ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ነው፣ ሰው ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ ደግሞ መጀመሪያ ጠይቁ። ፒያሳ ስትደርሱ በግንቡ ላይ ብቻ አታፍጥጡ፣ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን እዩዋቸው፣ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሰራቸው ናቸው፣ ጥጉ ክብ ክብ ያለው ያ የጊዜው አሰራር ነው፣ ጣሊያን በምስራቅ አፍሪካ የመጨረሻ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ ነው፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም.። ምሳ እዛው ብሉና ጃን ተከል ዋርካው ጥላ ስር ትንሽ ዕረፉ፣ ከሰዓት የሚጠብቃችሁ ብዙ ነው።

ግንቡን ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ ግቡ፣ ጸሐዩ ዘንበል ሲል ድንጋዩ ቡኒ የነበረው ወርቅማ ይሆናል። ግቢው 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ ነው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 መዝግቦታል፣ ይሄን ሁሉም ይነግራችኋል፣ እኔ የምላችሁ በነገሥታቱ ተራ ሂዱ ነው። ከፋሲል ጀምራችሁ፣ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት፣ የበካፋ፣ መጨረሻ ላይ የምንትዋብ። እያንዳንዱ ንጉሥ ያባቱ ቤት ውስጥ መግባት ትቶ የራሱን ነው የሰራው፣ ስለዚህ በተራ ስትሄዱ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ በድንጋይ እያነበባችሁ ነው። የፋሲል ግንብ 32 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፣ ከላዩ ላይ ሆነው ጣናን ያዩ ነበር ይባላል። የኢያሱ ግንብ ጋ ግን ቆም በሉ። ጣሪያው እንደ ኮርቻ ነበር የተሰራው፣ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 ደግሞ እንግሊዝ ጣሊያንን ለማስወጣት ሲደበድብ ቦምብ አገኘው። አሁን ከውስጥ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ሰማይ ነው። እጃችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉ፣ ውፍረቱን መስኮቱ ጋ ገብታችሁ በክንዳችሁ ለኩት፣ እና እነዚህን ድንጋዮች ማን እንደጠረባቸው አስጎብኚውን ጠይቁት። ቤተ እስራኤሎች በጎንደር ዘመን ግንበኞችና አንጥረኞች ነበሩ፣ ከእስራኤል ለምትመጡ ወገኖቻችን ይሄ የአያቶቻችሁ የእጅ ስራ ያለበት ነው፣ ስትገቡ እንደ እንግዳ አትግቡ። ጊዜ ካላችሁ ወደ ደባርቅ መውጫ ላይ ወለቃ አለላችሁ፣ ድሮ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረው።

ትኬቱን እንዳትጥሉት! ፋሲል መዋኛም በዛው ትኬት ነው የሚገባው።

ሁለተኛውን ቀን ቁስቋም። እሷ ሩቅም ናት ዳገትም ናት፣ ባጃጅ ካልያዛችሁ አትሞክሩት። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው አፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ ከግቢው ወጥተው ለራሳቸው ያሰሩት ነው፣ አሁን ፍርስራሽ ነው፣ ሰው ስለማይበዛበት ጸጥ ያለ ነው፣ ለኔ ከሁሉም የምወደው እሱ ነው። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም እዛው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ስትገቡ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ የሚያሳዩዋችሁን አባት አባ ብላችሁ አመስግኑ፣ ለቤተክርስቲያኑ የምትችሉትን አስቀምጡ። ከዛ ቁልቁል ወደ ፋሲል መዋኛ በእግር ውረዱ፣ እየወረዳችሁ ከተማዋ ከፊታችሁ ጉብታው ላይ ተቀምጣ ታያላችሁ፣ ግንቡ ጫፍ ላይ፣ እናንተ ወደ ቀሃ እየወረዳችሁ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ ነገር የሚገባችሁ።

መዋኛው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፣ ውሃ የለውም ብላችሁ አትከፉ፣ ለጥምቀት ነው ከቀሃ ውሃ የሚገባበት፣ ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ እዚህ ይወርዳሉ፣ ጥር 11 ሌሊቱን ጸሎት ታድሮ ጠዋት ውሃው ሲባረክ ልጁ ሁሉ እየዘለለ ይገባል። በዛ ሰሞን የምትመጡ ከሆነ አስጎብኚም ሆቴልም ወራት ቀድማችሁ ያዙ፣ አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ግፊያው ከባድ ስለሆነ በጊዜ ገብታችሁ ቦታ ያዙ። በሌላ ጊዜ የምትመጡ ግን ደረቅ መሆኑን ተጠቀሙበት፣ የአጥሩን ግድግዳ ዙሩት። የትልልቆቹ ዛፎች ስር ከላይ ተነስቶ ግንቡን እንደ ጣት ይዞት ወርዷል፣ ድንጋይ ከድንጋይ መሀል ገብቶ ተጣብቆ፣ ግንቡ ስሩን ይዞት ይሁን ስሩ ግንቡን አይለይም። አክስቴ እዚህ ጋ ነው ግማሽ ሰዓት ቁጭ ያለችው፣ ልጅ ሆና እናቷ ይዛት ስትመጣም እዚሁ ትቀመጥ ነበር።

ከመዋኛው ወደ ፒያሳ ዳገት ስለሆነ ባጃጅ። ከመለያየታችሁ በፊት ግን አስጎብኚውን 11 ሰዓት ላይ ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ላይ አብሯችሁ እንዲወጣ ጋብዙት፣ ቡና ወይ ሻይ በሉት። ከዛ ላይ የሄዳችሁበት ሁሉ ከእግራችሁ ስር ነው፣ እሱ በጣቱ ይሄ ስላሴ፣ ያ ቁስቋም፣ ያቺ ጥቁር ጥቁር የምትለው የዛፍ ጥቅጥቅ መዋኛው እያለ ያሳያችኋል፣ ጸሐይ ስትገባ ፋሲል ግንብ ብቻውን ቀርቶ ይታያል። የመጣችሁበትን ባጃጅ ግን አትልቀቁት፣ እንዲጠብቃችሁ ተነጋግራችሁ ውጡ፣ ከመሸ በኋላ እዛ ላይ ሌላ ማግኘት ይከብዳል።