የዶሮ መኮሮኒ በኦቨን፦ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከኦቨን ሲወጣ ከደረቀ

በነጭ ሶስ የሚጋገር የዶሮ መኮሮኒ ላይ ከሚሰማው ቅሬታ ሁሉ የሚበዛው፣ ድስት ውስጥ እያለ ያብረቀርቅ የነበረው ሶስ ከኦቨን ሲወጣ ተመጥጦ መኮሮኒው እርስ በርሱ ተጣብቆ መገኘቱ ነው። የእኔ የመጀመሪያው በቢላ ተቆርጦ እንደ ድፎ ዳቦ በእጅ የሚነሣ ነበር። መኮሮኒ ኦቨን ውስጥም መምጠጡን አያቆምም፣ ላይ ላዩን ያለው እርጥበትም ይተናል፤ ስለዚህ ሶሱ ወደ ኦቨን ሲገባ «ቀጠነ» የሚያሰኝ መሆን አለበት። ለግማሽ ኪሎ መኮሮኒ 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 60 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ሊትር ወተትና 2 ብርጭቆ የዶሮ መረቅ ይበቃል። ውፍረቱን ለማወቅ ማንኪያ ነክረው ጀርባውን በጣት ያስምሩበት፦ መስመሩ እንደተከፈተ ከቀረ ሶሱ ወፍሯልና መረቅ ይጨመርበት፤ ቀስ ብሎ ተመልሶ ከተዋጠ ልክ ነው። ትሪው በፎይል ተሸፍኖ በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ፎይሉ ይነሣና ላዩ እስኪቀላ 10 ደቂቃ ያህል ይጋገራል።

መኮሮኒው ከላሸቀ

እኔ የማበስልባት ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህም የተነሣ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሲሞላ መኮሮኒው ትንሽ ጥሬነት ይቀረዋል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ገና ነው» ብሎ እስኪለሰልስ ይጠብቅና ኦቨን ውስጥ ደግሞ ያበስለዋል። ለሚጋገር መኮሮኒ ግን የሚፈለገው ያው ቀሪ ጥሬነት ነው። ፓኬቱ 10 ደቂቃ ካለ በ9ኛው አንዷን ለሁለት ገምሰው ይመልከቱ፤ መሐሏ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ከታየ ወዲያው ውሃውን ያጥልሉት።

ሶሱ ከተጓጎለ ወይም ከተለያየ

መጓጎል የሚመጣው ወተቱ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ነው። ዱቄቱ በቅቤው ሳይቀላ ለ2 ደቂቃ ያህል ከታሸ በኋላ ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ማማሰል ይገባል፤ ከተጓጎለም በወንፊት ማጥለል ያድነዋል። ውሃውና ጉርብርቡ ከተለያየ ግን ጥፋቱ የወተቱ ነው፤ ጠዋት ከሰፈር የመጣ ወተት በሐዋሳ ሙቀት እስከ ከሰዓት ውጭ ከዋለ፣ ሲቀምሱት ጤነኛ መስሎ ሲፈላ ይለያያል። ሙሉውን ከማበላሸት አስቀድሞ አንድ ሲኒ አፍልቶ ማየት ይሻላል። በሱቅ ቺዝ ፋንታ አይብ ማድረግም አያዋጣም፤ አይብ አሬራ ሞቆ የሚወጣ ስለሆነ ቢሞቅ አይቀልጥም፣ ሶሱን አሸዋ አሸዋ ያሰኘዋል። ሞዛሬላም ሆነ ፕሮቮሎኔ፣ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይግባ።

ዶሮው ከጠነከረ

የአበሻ ዶሮ ከሆነ አስቀድሞ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀቅሎ መለስለስ አለበት፤ ኦቨን አያለሰልሰውም። የፈረንጅ ዶሮ በተቃራኒው፣ በተለይ ፈረሰኛው፣ ከመጠን በላይ ሲበስል ይደርቃልና፣ የውስጡ ቅላት እንደጠፋና ፈሳሹ እንደጠራ አውጥተው ይዘልዝሉት። መረቁን እንዳይደፉት፣ ለሶሱ ይፈለጋል። (ሐይቁ አጠገብ ተቀምጦ ዓሣን ትቶ ከዶሮ ጋር መታገል ምን ይባላል የሚለኝ ወዳጅ አለኝ፤ ዓሣ ግን ኦቨን ውስጥ ይህን ያህል ደቂቃ አይችልም።)

መሐል ላይ መብራት ከጠፋ

የኦቨኑን በር አይክፈቱት፤ ፎይሉ ገና ካልተነሣ የታፈነው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ማብሰሉን ይቀጥላል። መብራቱ ከዘገየ ወደ ብረት ድስት ገልብጠው፣ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት ይስጡት። ክዳኑ ላይ የሚደረገው ፍም ይብዛ፣ ከታች ያለው ይነስ፤ ወተት ያለበት ምግብ ከታች ሲይዝ የማረር ሽታው እስከ ላይ ይዘልቃል።