ባትሪው ደህና ነው፣ ሶኬቱን እዩት፦ የኤሌክትሪክ መኪና በካናዳ ብርድ፣ ችግርና መፍትሄ

ኤድመንተን ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ወዲህ ስልኬ የጋራዥ ስልክ ሆኗል። አብዛኛው ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ "ባትሪዬ ሞተ መሰለኝ" ይለኛል። እስካሁን ከደወሉልኝ መካከል በእውነት ዋናው ባትሪ የተበላሸበት ሰው አልገጠመኝም። ወይ ብርዱ ነው፣ ወይ ሶኬቱ፣ ወይ ኮፈኑ ስር ያለችው ትንሿ ባትሪ፣ ካልሆነም ሲገዛ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እዚህ የማስቀምጠው ሰው ሲደውልልኝ የምጠይቀውን ነው። ክረምት ስል ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን አይደለም፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቀውን የበረዶ ወራት ነው።

"ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አደረ፣ ጠዋት ሳየው ምንም አልጨመረም"

ይህን የሚሉኝ ባብዛኛው አፓርትመንት ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። በኤድመንተን፣ በካልጋሪና በዊኒፔግ የብዙ ሕንፃዎች መኪና ማቆሚያ ሶኬት አለው። ሻጩም "ሶኬት ካለህ ምን ቸገረህ" ይላል። ሶኬቱ ግን የተተከለው ለነዳጅ መኪና ሞተር ማሞቂያ፣ ለብሎክ ሂተር ነው። 120 ቮልት ነው፤ 12 አምፒር ብታወጡበት 1.4 ኪሎዋት ገደማ ታገኛላችሁ። በበጋ ይህ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ኪሎሜትር ይጨምራል። ከዜሮ በታች 25 ሲሆን ግን መኪናው ከሶኬቱ ያገኘውን መጀመሪያ የሚያውለው የራሱን ባትሪ ለማሞቅ ነው፤ ለጉዞ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሌሎች ሁለት የተደበቁ ምክንያቶችም አሉ። አንደኛው፣ አንዳንድ ሕንፃዎች መብራት ለመቆጠብ ሲሉ ሶኬቶቹን በየተወሰነ ደቂቃ ያበራሉ፣ ያጠፋሉ። ለብሎክ ሂተር ይበቃል፤ ለእናንተ ግን ሌሊቱ በግማሽ ተቆረጠ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ባለ 15 አምፒር ብሬከር ለሁለት መኪና ማቆሚያ ይከፈላል። እናንተ 12 አምፒር ስትስቡ ጎረቤት ብሎክ ሂተሩን ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። የሁለታችሁም መኪና በረዶ ሆኖ ያድራል፤ ጠዋት የሚወቀሰው ደግሞ የኤሌክትሪኩ መኪና ባለቤት ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በስልካችሁ መተግበሪያ የቻርጅ ታሪኩን ተመልከቱ። በእኩል ልዩነት በርቶ ጠፍቶ፣ በርቶ ጠፍቶ ከሆነ ሕንፃው ነው የሚያጠፋው። አንዴ ቆሞ በዚያው ከቀረ ብሬከሩ ወርዷል። ሳይቋረጥ ሞልቶ ሞልቶ ጥቂት ብቻ ከጨመረ ብርዱ በልቶታል።

ብሬከሩ ከሆነ ከመኪናው ስክሪን ላይ የቻርጅ መጠኑን ወደ 8 አምፒር አውርዱት። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ግን ቀስ እያለም ያድራል፣ ከጎረቤት ጋርም ሰላም ነው። ማብራት ማጥፋቱ ከሆነ ለሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሚከፈል ጭማሪ ካለ ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆናችሁ አብራችሁ ጻፉ፣ መልሱ ቶሎ ይመጣል። ብርዱ ከሆነ ደግሞ ከሥራ እንደገባችሁ ወዲያው ስኩት፤ ባትሪው ከጉዞው ሙቀት ስላለው ኃይሉ ለማሞቂያ ሳይሆን ለመሙላት ይውላል። ለገና መብራት በተገዛች ቀጭን ኤክስቴንሽን በጭራሽ አትስኩ። ስትነኳት የምትሞቅ ገመድ ነገ የምትቀልጥ ናት።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር። የመጀመሪያውን ዓመት የራሴ የሆነ ሶኬት ሳይኖረኝ ነው የገዛሁት፤ ከዜሮ በታች 30 ሲሆን በእኩለ ሌሊት የሕዝብ ቻርጀር ፍለጋ ስዞር ከርሜያለሁ። ቤቱም ሆነ ሥራ ቦታው የሚሰካበት የሌለው ሰው ቢያማክረኝ ዛሬም "ገና ነህ፣ ቆይ" እለዋለሁ።

"400 ኪሎሜትር ይሄዳል ተብሎ የተገዛ፣ 240 ላይ ለምኖ ይቆማል"

መኪናው አልተበላሸም። በከባድ ብርድ ከ30 እስከ 40 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው። በብርድ ባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካል ይሰንፋል፣ ውስጣዊ ተቃውሞውም ይጨምራል። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግን ማሞቂያው ነው። የነዳጅ መኪና ከሞተሩ የሚባክነውን ሙቀት በነፃ ወደ ውስጥ ይነፋል፤ የእናንተ ግን ሙቀቷንም ከዚያው ባትሪ መቅዳት አለባት።

ሰው የሚገረመው አጭር ጉዞ ከረጅሙ ይበልጥ መብላቱ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ማሞቂያው 4 ኪሎዋት ይስባል እንበል። በአውራ ጎዳና በሰዓት 100 ስትነዱ ለ100 ኪሎሜትር 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚወስደው። ከተማ ውስጥ በ25 ስትንፏቀቁ ለዚያው 100 ኪሎሜትር 16 ይወስዳል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ፣ ገበያ ቆሞ የሚዞር ሰው ደግሞ በየቆመበት የቀዘቀዘውን ብረት እንደገና ያሞቃል።

መፍትሄው ከመነሳታችሁ 20 ወይም 30 ደቂቃ በፊት፣ መኪናው እንደተሰካ፣ ከስልካችሁ ማሞቅ ነው። ሙቀቱ የሚመጣው ከግድግዳው ይሆናል። መንገድ ላይ የወንበሩንና የመሪውን ማሞቂያ አስቀድሙ፤ አየሩን ከማሞቅ እነሱ እጅግ ይቀልላሉ። የጎማ ንፋስም ለኩ፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ በራሱ ይወርዳልና። ሂት ፓምፕ (ከውጭው አየር ሙቀት ቀድቶ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ማሞቂያ) ያለው መኪና ይረዳል፤ ግን ከዜሮ በታች 25 ሲደርስ ጥቅሙ ስለሚሳሳ ለሱ ብቻ ብላችሁ ብዙ ሺህ ዶላር አትጨምሩ። ኤድመንተን ካልጋሪ 300 ኪሎሜትር ነው፤ በክረምት ሬድ ዲር ላይ ቆሞ ቡና መጠጣትን የጉዞው አካል አድርጉት።

ለነገሩ ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ከአዲስ አበባም ይደወልልኛል። እዚያ ያሉት ስለዚህ ብርድ መስማት አያስፈልጋቸውም። "ከዚያ ገዝተህ ላክልኝ" ለሚሉኝ ግን የምነግራቸው አለኝ፤ የሰሜን አሜሪካ መሰኪያና ከቻይና የሚገቡት መኪኖች መሰኪያ አንድ አይደለም።

"ፈጣን ቻርጀር ላይ 20 ደቂቃ የተባልኩት አንድ ሰዓት ፈጀ፣ ሒሳቡም እሳት"

የቀዘቀዘ ባትሪ በፍጥነት ከተሞላ ውስጡ ሊቲየም እንደ ዝገት ይለጠፍና ይጎዳዋል። ስለዚህ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቻርጀሩ ላይ 150 ኪሎዋት ተጽፎ እናንተ 30 ብታገኙ ቻርጀሩን አትስደቡት።

ብዙዎች ያላወቁት አንድ ነገር አለ። አዳዲሶቹ መኪኖች ወደ ፈጣን ቻርጀር እየሄዳችሁ መሆኑን ካወቁ ባትሪውን በመንገድ ላይ ያሞቁታል። የሚያውቁት ግን አድራሻውን በራሱ በመኪናው ካርታ ላይ ስታስገቡ ነው። በስልክ ካርታ ከሄዳችሁ መኪናው ወዴት እንደምትሄዱ አያውቅም። አንዳንዶቹ በእጅ የሚበራ ማዘዣ አላቸው፤ ፈልጉት። የቆየ ሞዴል ከሆነና ይህ ከሌለው ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ ሳይሆን ከረጅም ጉዞ መልስ ሙሉ።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ ካናዳ ውስጥ በኪሎዋት ሰዓት ማስከፈል የተፈቀደው ከ2023 ወዲህ ነው፤ እስከዚያ በደቂቃ ነበር፣ አሁንም በደቂቃ የሚያስከፍሉ አሉ። በደቂቃ የሚከፍል ሰው በቀዘቀዘ ባትሪ ሲሞላ ለሰዓቱ እንጂ ለመብራቱ አይደለም የሚከፍለው። ከመሰካታችሁ በፊት ዋጋው በምን እንደሆነ አንብቡ፤ 80 በመቶ ሲደርስም ንቀሉ፣ ከዚያ በኋላ አሞላሉ ይንቀራፈፋል፣ ሰልፉም ከኋላችሁ ነው።

"መኪናው ጭራሽ አልከፈት አለ፣ ትናንት 70 በመቶ ነበረው"

ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። በሩን፣ ስክሪኑንና ኮምፒውተሩን የምታስነሳው እሷ ናት፤ እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ከቀሪው መኪና ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ አይበራም። ቆሞ ሳለ የሚቀርጽ ካሜራ ያለው ሰው ቶሎ ያደክማታል። በርቀት መቆጣጠሪያው ውስጥ በተደበቀው የብረት ቁልፍ በሩን ክፈቱ፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም መኪና በኬብል ኃይል ሰጥታችሁ ታስነሱታላችሁ። አራት አምስት ዓመት ከሆናት ሳትጥላችሁ ቀይሯት።

በተቃራኒው ግን የኤሌክትሪክ መኪናችሁን የሌላ ሰው ነዳጅ መኪና ለማስነሳት አትጠቀሙበት፤ የብዙዎቹ መመሪያ ይከለክላል፣ ለሞተር ማስነሻ የሚበቃ ጉልበት እንዲያወጣ አልተሠራምና። ጎረቤት ኬብል ይዞ ሲመጣ እምቢ ማለት ለእኛ ሰው ይከብዳል። እኔ በእጅ የምትያዝ ማስነሻ ገዝቼ ሳሎን አስቀምጫለሁ፤ እሷን አውሳለሁ።

"ቤት ያስገባሁት የ240 ቮልት ሶኬት ጠቆረ፣ ይሸታል"

ወዲያው ንቀሉ፣ ብሬከሩን አውርዱ። የልብስ ማድረቂያ አንድ ሰዓት ሠርቶ ያርፋል፤ መኪና ግን ለስምንት ሰዓት ሳያርፍ ይስባል። ርካሽ ሶኬት ወይም ላላ ያለ ብሎን ይህን አይችልም። ለዚህም ነው ሕጉ ያለማቋረጥ የሚሳበው ከብሬከሩ 80 በመቶ እንዳያልፍ የሚያዘው፤ 40 አምፒር ብሬከር ላይ 32 ብቻ። 32 አምፒር 7.7 ኪሎዋት ነው፣ ለማንኛውም ቤተሰብ ይበቃል። እኔ ሶኬቱ ቀርቶ ገመዱ ቀጥታ ከቻርጀሩ ጋር ቢታሰር እመርጣለሁ። ቤታችሁ አሮጌና ባለ 100 አምፒር ከሆነ የመብራት ማከፋፈያ ፓነሉን ለመቀየር ከመክፈላችሁ በፊት ምድጃው ሲበራ ቻርጀሩን የሚያቆም መቆጣጠሪያ ስለመግጠም ኤሌክትሪሺያኑን ጠይቁ። ሥራው ፈቃድ ወጥቶለት ይሠራ፤ እሳት ቢነሳ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ኦንታሪዮ ያላችሁ በ2023 የተጀመረውን የሌሊት ታሪፍ እዩት፤ ሲጀመር ኪሎዋት ሰዓቱ 2.4 ሳንቲም ነበር። ሰዓቱን ስትሞሉ ብቻ ተጠንቀቁ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 እስከ ጠዋቱ 1 ነው። አንድ ወዳጄ የሐበሻ ሰዓት ቀላቅሎ ለወራት በውዱ ሰዓት ሲሞላ ከርሟል፤ በዚያ ታሪፍ በሥራ ቀናት ውዱ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 3 ያለው ነው።

"ፍሬኑ ይፋጫል፣ ገና 40 ሺህ ኪሎሜትር አልሞላም"

አላለቀም፣ ዝጓል። መኪናው የሚያቆመው ባብዛኛው በሞተሩ ስለሆነ ሸራው ዲስኩን አያጸዳውም፣ የመንገድ ጨው ደግሞ አይተኛም። በሳምንት አንዴ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ረገጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ በዓመት አንዴ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተፈትቶ ይጽዳ፣ ቅባት ይቀባ።

"5,000 ዶላር ቅናሽ አለ ተብዬ ሄጄ የለም ተባልኩ"

የፌዴራሉ ቅናሽ በግንቦት 2019 ተጀምሮ ገንዘቡ ሲያልቅ በጥር 2025 ቆመ። ኦንታሪዮ የራሱን በ2018 ሰርዟል። አልበርታ ደግሞ ጭራሽ ከ2025 ጀምሮ በዓመት 200 ዶላር ግብር ያስከፍላል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሻጩ በአፍ የነገራችሁን አትመኑ። በምትፈርሙበት ቀን የመንግሥቱን ገጽ ራሳችሁ ክፈቱ፣ ቅናሹም ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ።

ያገለገለ ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የቀሪ ርቀት ቁጥር አያታልላችሁ፤ በቅርቡ በተነዳበት መንገድ የሚሰላ ግምት ነው። የባትሪውን ጤና የሚያነብ መሣሪያ ያለው መካኒክ ውሰዱ። የባትሪ ዋስትና ባብዛኛው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ነው፣ የሚቆጠረውም መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው። የቆየ ኒሳን ሊፍ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ የለውም፣ የፈጣን ቻርጅ መሰኪያውም ቻዴሞ የሚባለውና አዳዲስ ጣቢያዎች እየተዉት ያለው ነው። ለከተማ ብቻ ከሆነ ግን አልጠላውም። ከ2017 እስከ 2022 የተሠራ ሼቭሮሌ ቦልት ካያችሁ በባትሪ ጉድለት ፋብሪካው ለጥገና መልሶ ጠርቶት ስለነበር ሥራው መጠናቀቁን በሻሲ ቁጥሩ አጣሩ።

"ገመዱ ከመኪናው አልላቀቅ አለ"

በረዶ ይዞታል፣ ወይም መቆለፊያው ቀዝቅዟል። ትኩስ ውሃ አታፍስሱበት፤ ከደቂቃ በኋላ የባሰ በረዶ ይሆናል። መኪናውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቆልፋችሁ ክፈቱ፣ የውስጥ ማሞቂያውን አብሩ፣ ጥቂት ጠብቁ። ካልሆነ ብዙ መኪኖች ከኋላ ሻንጣው ጎን መቆለፊያውን በእጅ የምትለቅ ትንሽ ገመድ አላቸው። የት እንዳለች መመሪያውን አይታችሁ ዛሬውኑ በባዶ እጃችሁ ዳስሳችሁ ልመዷት፤ በጨለማ፣ በወፍራም ጓንት ፈልጋችሁ አታገኟትም።