የአድሴንስ አካውንት ሲታገድና ክፍያ ሲያዝ ምን ይደረጋል?

አድሴንስ ጎግል በድረ ገጻችሁ ወይም በዩቲዩብ ቻናላችሁ ላይ ማስታወቂያ እያሳየ የሚከፍልበት አገልግሎት ነው። «አካውንቴን ዘጉት፣ ገንዘቤን በሉት» ብለው ከሚጽፉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ አካውንታቸው አልተዘጋም። አንዱ የፒን ኮድ ደብዳቤ አልደረሰውም፤ ሌላው ገና 100 ዶላር አልሞላለትም፤ ሦስተኛው የባንክ ስሙና የአካውንት ስሙ አልገጠመም። በእርግጥ የተዘጋበት ሰው ደግሞ ኢሜይሉን ባየበት ደቂቃ በንዴት ሦስት መስመር ይግባኝ ጽፎ ይልካል፤ እድሉ በዚያው ታልፋለች። ስለዚህ ምንም ከመጻፋችሁ በፊት የደረሰባችሁን ነገር በስሙ ለዩት።

መጀመሪያ፦ የትኛው ነው የደረሰባችሁ?

ኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ ተዉትና የአድሴንስን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። በጎግል ስም «አካውንትህ ታግዷል፣ እዚህ ተጭነህ አስተካክል» እያሉ ፓስዎርድ የሚሰርቁ ሞልተዋል። መልእክቱ እውነተኛ ከሆነ ውስጥ ገብታችሁም ታገኙታላችሁ።

የምታዩት ሁለት ቦታ ነው፦ የክፍያዎች ገጽና የፖሊሲ ማዕከል የሚባለው። ክፍያዎች ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያ ኖሮ ማስታወቂያዎቻችሁ ግን እንደ ወትሮው የሚታዩ ከሆነ ክፍያው ብቻ ነው የተያዘው፤ ጥፋት ሳይሆን የጎደለ መረጃ አለ። ማስታወቂያው በጣም ቀንሶ የገደብ መልእክት ካያችሁ፣ ጎግል የጎብኚዎቻችሁን ጥራት እያጣራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ይነሳል፣ መጠበቅ እንጂ ይግባኝ የለውም። ሰስፔንድ ከተባለ ጊዜያዊ እገዳ ነው፤ በተለምዶ 30 ቀን ይቆያል፣ ማስታወቂያም ክፍያም ይቆማል፣ ቀኑ ሲያልቅ ይከፈታል። ዲሴብል ከተባለ ግን አካውንቱ ተዘግቷል። ይግባኝ የሚጻፈው ለዚህኛው ነው።

ሰስፔንዱንም ዲሴብሉንም በአማርኛ «ታገደ» ስለምንላቸው ይመስለኛል ሰው የሚምታታበት። የ30 ቀን እገዳ ደርሶበት አዲስ አካውንት የከፈተ ልጅ አውቃለሁ፤ በአንድ ስም ሁለት አካውንት ስለማይፈቀድ ሊከፈትለት የነበረውንም አጣ።

ክፍያው ብቻ ከተያዘ

እዚህ ላይ ሰፋ ላድርገው፤ የኛ ሰው ገንዘብ በብዛት የሚቆመው እዚህ ነውና።

ገቢያችሁ 10 ዶላር ሲደርስ ባለ 6 አሃዝ ፒን ኮድ በመደበኛ ፖስታ ይላካል። የመጀመሪያው ፒን ከወጣበት ቀን አንስቶ በ4 ወር ውስጥ ካላስገባችሁት ማስታወቂያው መታየቱን ያቆማል። ታዲያ አድራሻ ሲሞላ «ወረዳ 03፣ የቤት ቁጥር አዲስ» ብሎ የጻፈ ሰው ያንን ደብዳቤ በምን ተአምር ያገኘዋል? አገራችን ውስጥ ደብዳቤ የሚደርሰው ፖስታ ሳጥን ነው። የራሳችሁ ሳጥን ከሌላችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን ወይም የዘመድ ድርጅትን ፖ.ሳ.ቁ. አስፈቅዳችሁ ጻፉ፤ ከስማችሁ ቀጥሎ የድርጅቱን ስም አስገቡ። ከዚያ መዝገብ ቤት ላለው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት። የሚመጣው የፖስት ካርድ የምታክል እጥፍ ወረቀት ናት፤ ምን እንደሆነች ያላወቀ ሰው ማስታወቂያ መስላው ይጥላታል። ካልደረሰ ከአካውንቱ ውስጥ ሌላ ፒን መጠየቅ ይቻላል፤ ደጋግሞም ከቀረ አድራሻ የሚያሳይ ሰነድ ጭናችሁ እንድታረጋግጡ ይፈቀድላችኋል።

ሁለተኛው እንቅፋት ስም ነው። አድሴንስ ላይ የራስንና የአባትን ስም ብቻ እንጽፋለን፤ ባንክ ደግሞ እስከ አያት ይመዘግባል። ከዚያ በላይ ፊደሉ አለ፦ «ፀጋዬ» ፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ የባንክ ደብተር ላይ በሌላ፣ መታወቂያ ላይ በሦስተኛ ይገኛል። የመጀመሪያዬ ክፍያ የመጣ ጊዜ መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ወረቀቱንና ደብተሬን ጎን ለጎን አስቀምጣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዲት ፊደል ላይ ነካ ነካ አደረገች። «ወንድሜ፣ እዚህ አንድ ኢ ብቻ ነው ያለው፤ እዚህ ግን ሁለት ነው» አለችኝ። የለመንኩት ልመና አልጠቀመም፤ ገንዘቡ ወደ መጣበት ተመለሰ፣ የማስተላለፊያውም ተቆረጠበት። በእሷ አልፈርድም። አስቀድሜ ደብተሬን አውጥቼ ፊደል በፊደል መገልበጥ የኔ ሥራ ነበር።

የልደት ቀንም እንደዚሁ ያጣላል። ማንነት አረጋግጡ ስትባሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ መታወቂያ ጭናችሁ፣ አካውንቱ ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይታያል፤ ሰነዱ ይመለሳል። ሁለቱም አቆጣጠር ያለበትን መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ተጠቀሙ።

ቀጥሎ ቀኑን እዩ። የወሩ ገቢ ግምት ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ይጣራና ከ100 ዶላር በላይ ከሆነ ከ21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ይላካል። እዚህ የምላቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እስከ 20ኛው ቀን ድረስ የጎደለውን ካሟላችሁ በዚያው ወር ይከፈላችኋል፤ በ22 ካሟላችሁ ለቀጣዩ ወር ተላለፈ ማለት ነው። 100 ዶላር ካልሞላ የትም አይሄድም፣ እየተጠራቀመ ይቆያል።

«ተከፍሏል» ይላል ባንክ ግን አልገባም? ሁለት ሳምንት ያህል ታገሡ። ከዚያ የክፍያውን ደረሰኝ ከአካውንቱ አትማችሁ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ወደሚስተናገድበት መስኮት ሂዱ። መሐል ላይ ያለ ባንክ የራሱን ስለሚቆርጥ ትንሽ አንሶ ቢገባ አትደንግጡ። የገንዘቡን ምንጭ ሲጠይቋችሁም ያው ደረሰኝ መልስ ይሆናል።

የዩቲዩብ ቻናልም ያላችሁ የአሜሪካውን የታክስ ፎርም እንዳትዘሉት። ካልሞላችሁት ከጠቅላላ ገቢያችሁ እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። ከሞላችሁት ቅነሳው አሜሪካ ካሉ ተመልካቾች የሚገኘውን ገቢ ብቻ ነው የሚነካው፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው ግን እሱ 30 በመቶ ነው። ግማሹ ተመልካቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ የአማርኛ ቻናል ይህቺን ቁጥር ሳያውቅ «ገንዘቤ ጎደለ» ሊል ይችላል። በነገራችን ላይ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ የአክስት ልጅ ስም አካውንት የከፈታችሁ ሰዎች፣ ለጎግል ባለቤቱ እሱ ነው። ፒኑም እሱ ቤት ይሄዳል፣ ታክሱም በእሱ ስም ይመዘገባል፣ ከተጣላችሁም ገንዘቡ የእሱ ነው።

የ30 ቀን እገዳ ከሆነ

ይህን ወር ለምርመራ ተጠቀሙበት፤ ምክንያቱ ሳይነሳ አካውንቱ ከተከፈተ የሚቀጥለው ደብዳቤ የመዝጊያ ሊሆን ይችላል።

ጎግል «ተቀባይነት የሌለው ትራፊክ» የሚለው አስተዋዋቂው በከንቱ የከፈለበትን እይታና ክሊክ ሁሉ ነው። የራስን ማስታወቂያ መንካት ብቻ አይደለም። አድሴንስ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በዋናነት የሚከፍለው በክሊክ ሳይሆን በእይታ ስለሆነ፣ «እኔ አልነካሁም፣ ገጹን ብቻ ነው ደጋግሜ የከፈትኩት» ማለት መከላከያ አይሆንም።

ጎብኚ ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ጎግል አናሊቲክስን ክፈቱና ያለፉትን ሁለት ወራት በምንጭ በምንጭ እዩ። ከአንድ ቦታ ድንገት የመጣ፣ ገጹ ላይ አንድ ሁለት ሰከንድ እንኳ ያልቆየ ሕዝብ ካለ እሱን ጻፉት፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አገሩን፣ የገባበትን ገጽ። የራሳችሁ ሆስቲንግ ካላችሁ የሰርቨሩን ሎግ (ማን መቼ እንደገባ የሚመዘገብበትን ፋይል) አውርዱ፤ አንድ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) መቶ ጊዜ ሲመላለስ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብሎገር በሚባለው የጎግል የብሎግ አገልግሎት ላይ የምትሠሩ ግን ሎግ አታገኙም፤ አናሊቲክሱ ይበቃችኋል።

እኛ ዘንድ የማያቸው ምክንያቶች ይመሳሰላሉ። አንደኛው ቴሌግራም ነው። «ቤተሰቦች፣ ገብታችሁ ማስታወቂያውን እየነካችሁ አበረታቱን» የምትል አንዲት መልእክት አካውንት ትገድላለች፤ «አንተ የኔን ንካ፣ እኔ ያንተን» የሚባልባቸው ግሩፖች ደግሞ ከዚያ ይብሳሉ። ሁለተኛው ርካሽ ጎብኚ መግዛት ነው፤ ለጥቂት ዶላር አሥር ሺህ ሰው የሚሸጥላችሁ ሰው የሚሸጠው ቦት፣ ማለትም ሰው መስሎ የሚገባ ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው የቤተሰብ ፍቅር ነው፦ ታናሽ እህት በአንድ ዋይፋይ ሦስት ስልክ ይዛ «ወንድሜን ልርዳው» ስትል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አራተኛው የማስታወቂያው አቀማመጥ ነው። የፈተና ወረቀት የሚወርድበትን ገጽ አስቡት። ተማሪው በትንሽ ስልክ፣ በዘገምተኛ ኔትወርክ ይገባል። «አውርድ» የሚለው አረንጓዴ ቁልፍ ይታየዋል፤ ጣቱን ሲያሳርፍ ዘግይቶ የተጫነው ማስታወቂያ ቁልፉን ወደ ታች ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ልጁ የነካው ማስታወቂያውን ነው፤ ወዲያው ተናዶ ይመለሳል። ይህ በቀን አምስት መቶ ጊዜ ሲሆን ከጎግል በኩል የሚታየው የማታለል ሥራ ነው። መፍትሔው ማስታወቂያውን ከቁልፉ ማራቅና ቦታውን በቋሚ ቁመት አስቀድሞ መያዝ ነው፤ ሲጫን ሌላውን እንዳይገፋ።

ገንዘቡስ? እገዳው ሲያበቃ ተቀባይነት የሌለው ተብሎ የተለየው ተቀንሶ በተቻለ መጠን ለአስተዋዋቂዎቹ ይመለሳል፤ የተረፈው በተለመደው የክፍያ ጊዜ ይቀጥላል።

አካውንቱ ከተዘጋ

ከተዘጋበት ቀን አንስቶ ክፍያ ለ30 ቀን ይያዛል፤ የመጨረሻው ሒሳብ የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ተመልሳችሁ ግቡና የቀረውን ተመልከቱ። ከ10 ዶላር በታች ከሆነ አይከፈልም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 100 ዶላር ባይሞላም ሊደርሳችሁ ይችላል። የባንክና የአድራሻ መረጃው የተሟላ መሆን አለበት፤ «ተዘግቷል» ብለው ተስፋ ቆርጠው ዳግም ሳይገቡ የቀሩ ሰዎች የራሳቸውን ገንዘብ ጥለው ነው የሄዱት።

ይግባኙን ተረጋግታችሁ ጻፉት፤ አንዴ ውሳኔ ከተሰጠ ሁለተኛው ላይታይ ይችላል። ፐብ (pub-) ብሎ የሚጀምረውን ባለ 16 አሃዝ መለያ ቁጥራችሁን አዘጋጁ። ፎርሙን በቀላል እንግሊዝኛ ሙሉት። «ድሃ ነኝ፣ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ፣ እባካችሁ» የሚል ልመና አንባቢውን አያግዘውም፤ እሱ የሚፈልገው ጎብኚዎቻችሁ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደተበላሸና ምን እንዳስተካከላችሁ ነው። ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

«ድረ ገጼ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቆዩ ፈተናዎችን ያቀርባል። ጎብኚዎቼ በዋናነት ከጎግል ፍለጋና ከራሴ የቴሌግራም ቻናል ይመጣሉ። ከማርች 4 እስከ 6 ከአንድ የማላስተዳድረው ግሩፕ 3,100 ጎብኚ መጣ፤ አብዛኛው ከ2 ሰከንድ በላይ አልቆየም። ግሩፑ ውስጥ ሰዎች ማስታወቂያውን እንዲነኩ ተጠይቀው እንደነበር ማርች 9 ደረስኩበት። ሊንኩ እንዲነሳ አድርጌአለሁ፤ ከማውረጃው ቁልፍ አጠገብ የነበረውንም ማስታወቂያ ማርች 10 አንስቻለሁ።»

ጥፋቱ የራሳችሁ ከሆነ እሱንም ጻፉት። የራሳችሁን ማስታወቂያ ነክታችሁ «በፍጹም» ብትሉ መዝገቡ ያለው እነሱ ጋ ነው።

በዚህ መሐል ቴሌግራም ላይ «የታገደ አድሴንስ በ48 ሰዓት እናስመልሳለን» የሚሉ ይመጣሉ። ይግባኙን የሚያየው ጎግል ብቻ ስለሆነ እነሱ የሚያስመልሱት ነገር የለም፤ የሚወስዱት ግን አለ፦ ቅድሚያ ክፍያውንና የኢሜይል ፓስዎርዳችሁን። በሚስት ወይም በወንድም ስም አዲስ አካውንት ከፍቶ በዚያው ድረ ገጽ ላይ ማስገባትም እንዲሁ አያዋጣም፤ ያም ሲዘጋ ወንድማችሁም ለወደፊቱ ተዘጋበት።

ይግባኙ ውድቅ ከሆነ የአድሴንስን ኮድ ከገጻችሁ አንሱ፤ ገጹን ከማዘግየት በቀር የሚሠራው ሥራ የለም። ባዶ የቀረውን ቦታ በሰፈራችሁ ላለ የቋንቋ ትምህርት ቤት ወይም ማተሚያ ቤት በወር ቁርጥ ዋጋ አቅርቡለት፤ አንድ ምስልና አንድ ስልክ ቁጥር ነው የሚያስፈልገው፣ ክፍያውም በቴሌብር ያልቃል። ለማሳመን የምትወስዱለት ደግሞ ለይግባኙ ያወጣችሁትን ያንኑ የአናሊቲክስ ሰንጠረዥ ነው፤ የቦቶቹን ቀናት ቀንሳችሁ።