አሞራ የሚገድለውን የመብራት ምሰሶ እንዴት እንለየው? ምንስ እናድርግ?

ትራንስፎርመሩ ድው ብሎ መብራት ሲጠፋ ሰው ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ይደውላል። ምሰሶው ሥር ምን እንደወደቀ ሄዶ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። አንዳንዴ እዚያ አሞራ ወድቋል። ወይ ጭላት፣ ወይ አባ ኮዳ። ልጆች ከበውት ይውላሉ፣ ማታ ጅብ ይወስደዋል፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል። ያ ምሰሶ ግን ነገም ሌላ ይገድላል። ወፍ የሚፈጀው ሁሉም ምሰሶ አይደለም፤ ደጋግመው የሚገድሉት የተወሰኑት ናቸው። እነሱን ለይቶ ማሳወቅ ደግሞ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም።

ሽቦ ላይ ተደርድረው የሚውሉት ትንንሽ ወፎች ለምን አይሞቱም? አንድ ሽቦ ብቻ ስለሚነኩ ነው። ወፍን ኤሌክትሪክ የሚይዘው በአንድ ጊዜ ሁለት ሽቦ ሲነካ፣ ወይም ሽቦውንና ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት አንድ ላይ ሲነካ ነው። ድንቢጥ ክንፏን ብትዘረጋም ሁለቱ ጋ አትደርስም። የትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች ክንፍ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ያልፋል፤ አንዱ ብረቱ ላይ አርፎ ቆይቶ ሊነሳ ክንፉን ሲዘረጋ አንዱ ጫፍ ሽቦውን ይነካና አለቀ። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የራሰ ላባ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ስለዚህ በኤሌክትሪክ መያዝን በተመለከተ ትልልቆቹን የብረት ማማዎች ብዙ አትጠርጥሩ። ሽቦዎቻቸው በጣም የተራራቁ ናቸው። ገዳዮቹ ወደ ገጠር ከተማውና ወደ ቀበሌው የሚገቡት ባለ 15 እና ባለ 33 ሺህ ቮልት መስመሮች ናቸው። ራቅ ብላችሁ ቁሙና ወደ ላይ ተመልከቱ። ምሰሶው አናት ላይ ሽቦዎቹን የሚሸከመው አግዳሚ ከብረት የተሠራ ነው? ሽቦውን የያዘው ሲኒ (ኤሌክትሪኩ ወደ ምሰሶው እንዳያልፍ የሚከለክለው ዕቃ) አግዳሚው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይስ ከሥሩ ተንጠልጥሏል? ቆሞ ከሆነ አግዳሚው ላይ ያረፈ ወፍ ሽቦው አጠገብ ተቀመጠ ማለት ነው። ተንጠልጥሎ ከሆነ በጣም ይሻላል። የኮንክሪት ምሰሶ ከሆነም ተጠንቀቁ፣ ውስጡ ብረት አለ። ከሁሉም የከፋው ትራንስፎርመር ያለበት ነው፤ እዚያ ላይ ያልተሸፈኑ አጫጭር ሽቦዎች በጠባብ ቦታ ይተላለፋሉ። ከዚያ ዙሪያውን እዩ። ዛፍ የሌለበት ሜዳ መሀል ብቻውን የቆመ ምሰሶ፣ ቄራ አጠገብ ወይም ጥንብ የሚጣልበት ቦታ ያለ ምሰሶ፣ ረግረግ ዳር የተተከለ ምሰሶ፣ እነዚህን አስቀድማችሁ መዝግቡ።

ፍለጋውን በማለዳ አድርጉት፣ ውሻና ጅብ ሳይቀድማችሁ። እንስሳው ባይገኝ እንኳ ላባ ይቀራል። የሞተ ወፍ ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፤ በእንጨት ገልብጡና በደንብ እዩት። ኤሌክትሪክ የገደለው ብዙውን ጊዜ ምሰሶው ሥር ይገኛል። ጥፍሮቹ ተጨብጠዋል፣ እግሩ ላይ ወይም ክንፉ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ጥቁር የቃጠሎ ነጥብ አለ፣ አንዳንዱ ላባም ጫፉ እንደ ተለበለበ ፀጉር ተኮማትሯል። ሽቦ ገጭቶ የሞተው ግን ከምሰሶ ምሰሶ መሀል ላይ ወድቆ ይገኛል፤ ክንፉ ወይም አንገቱ ተሰብሯል እንጂ አልተቃጠለም። ይህን መለየት ወሳኝ ነው፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና።

ፎቶ አንሱ። የወፉን፣ የምሰሶውን ጫፍ፣ ምሰሶው ላይ ቁጥር ካለም ቁጥሩን። ከሌለ የስልካችሁን የቦታ ምልክት፣ ቀኑንና መብራት የጠፋበትን ሰዓት ያዙ። ምሰሶ ላይ መውጣት፣ ሽቦ በእንጨት መነካካት፣ የወደቀ ሽቦ አጠገብ መድረስ ፈጽሞ አይሞከርም።

ከዚያ ለማን? የከተማና የቀበሌ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ በ905 ይደወላል። ትልልቆቹ ማማዎች የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው። ስልኩ ብቻ አይበቃም፣ ደብዳቤም ጻፉ፣ ግልባጩንም ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ደብዳቤው ላይ ወፉን ብቻ አታንሱ። ያ ምሰሶ ስንት ጊዜ መብራት እንዳስጠፋ፣ ወፍጮ ቤቱና ጤና ጣቢያው ምን እንደሆኑ ጻፉ። ወፉን የሚገድለውና መብራት የሚያጠፋው ያው አንድ ችግር ስለሆነ ይህ እውነትም ነው፣ ጆሮም ያገኛል።

ምን ይደረግልን እንበል? «አስተካክሉልን» ብቻ ማለት አያዋጣም። የትራንስፎርመሩ አጫጭር ሽቦዎች በማይነዝር ሽፋን ይልበሱ በሉ። አግዳሚው አጠገብ ያለው ሽቦ በግራና በቀኝ ይሸፈን፣ ምሰሶ ሲቀየር ደግሞ ሲኒው ወደ ታች ይንጠልጠል። ወፍ እንዳያርፍ ሹል ብረት መትከል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ወፉ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያርፋል፣ ያም ቦታ ሽቦው አጠገብ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚሻለው አዲስ መስመር ሳይዘረጋ በፊት መናገር ነው፤ በወረቀት ላይ ያለን መስመር ማዞር ይቀላል።

ዘግይቶ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ጎረቤታችን ሱዳን አይታዋለች። ከፖርት ሱዳን የሚነሳ 31 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተዘርግቶ ለአሥርት ዓመታት የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን ሲፈጅ ኖረ። ኤሌክትሪኩ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጥንብ አንሳ በዓመት ከአንድ ወይም ከሁለት እንቁላል በላይ አይጥልም፣ ለመራባት እስኪደርስም ዓመታት ይፈጅበታል። በዓባይ ሸለቆ ገደሎች ላይ ከምናያቸው ትልልቅ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ደግሞ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ናቸው። አንዱ ሲሞት ቶሎ የሚተካ የለም።

የጣናው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚያሰጋው በኤሌክትሪክ መያዝ ሳይሆን ሽቦ መግጨት ነው። በጭምባና በሌሎቹ የጣና ረግረጎች ከጥቅምትና ኅዳር ጀምሮ ከሩቅ አገር የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግርና አንገት ወፎች ይከርማሉ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ሲነጋ ወደ አጨዳው ማሳ ይበራሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። መንገዳቸው ላይ ሽቦ ካለ ችግር ነው። ክሬንና ሽመላ እየበረሩ ወደ መሬት ሲያጎነብሱ ፊት ለፊታቸውን አያዩም፤ የዓይናቸው አቀማመጥ እንዲያ ነው። ይበልጥ የሚገጩት ከማማው አናት ላይ ያለችውን ቀጭን የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ሽቦዋ ላይ በየ5 ወይም በየ10 ሜትሩ የሚሽከረከር ወይም የሚያብረቀርቅ ምልክት እንዲንጠለጠል ነው። ግጭቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ይህን የሚሰቅለው ባለሙያ ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ጠርሙስ በገመድ ወርውሮ ማንጠልጠል ሰው ይገድላል።

እኛው የምንችለውም አለ። የሞተ ከብት መስመር ሥር አይጣል፤ ራቅ ያለ ገላጣ ቦታ ይወሰድ። እህል ጠባቂዎች ጅራፍና ወንጭፍ ሲያጮኹ የደነገጠ መንጋ በቀጥታ ወደ ሽቦው ይነሳል። ስለዚህ በመስመሩ በኩል ቁሙና ወደ ሜዳው አባሩት። ሜዳ ላይ ያለ ዋርካና ሾላም አይቆረጥ፤ ዛፍ ያገኘ አሞራ ምሰሶ ላይ የሚያርፍበት ምክንያት ይቀንሳል።

በሕይወት ያለ ካገኛችሁ ከጀርባው በኩል ቀስ ብላችሁ ነጠላ ወይም ጋቢ ጣሉበት። ጭንቅላቱ ሲሸፈን ይረጋጋል። ከመንቁሩና ከጥፍሩ ተጠንቀቁ፣ ሽመላና ክሬን ዓይን ስለሚወጉ ፊታችሁን አርቁ። ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አድርጉና ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጡት። በአፉ ውሃ አታፍሱበት፤ ያንቀዋል። ከዚያ ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወይም የዱር እንስሳት ባለሙያ ቶሎ ደውሉ። ኤሌክትሪክ የያዘው ወፍ ላይ ላዩን ደህና ቢመስልም ውስጡ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ቆሞ ሄደ ብላችሁ ወዲያው አትልቀቁት።