ላፕቶፓችሁ ላይ የሚያምረው ፎንት ደንበኛው ስልክ ላይ ለምን ይጠፋል?

ጅማ ውስጥ ዌብሳይት የሚሰሩ ልጆች ይዘውልኝ የሚመጡት ችግር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ላፕቶፑ ላይ አማርኛው ያምራል። ደንበኛው ስልኩ ላይ ሲከፍተው ግን ፊደሉ ሌላ ነው። አሮጌ ስልክ ከሆነማ ባዶ ሳጥን ይደረደራል።

ምክንያቱ፦ ፎንቱ ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነው። አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዳችሁ ዊንዶውሳችሁ ላይ ጫናችሁ፤ ሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ላይ ስሙን ጻፋችሁ፤ ብሮውዘሩም ከራሳችሁ ማሽን አገኘው። ሰርቨሩ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ላይ ግን ፋይሉ የለም። ፋይሉን ጭናችሁ በፎንት-ፌስ፣ ማለትም ፋይሉ የት እንዳለ ለብሮውዘሩ በሚነግረው የሲኤስኤስ ትዕዛዝ፣ መጥራት አለባችሁ።

መጥራቱም ብቻውን አይበቃም። አንድ የቡና ነጋዴ ስልካቸውን ፊቴ ዘርግተው «ልጄ፣ ከፍዬበታለሁ እኮ! የታል ያሳየኝ ፊደል?» አሉኝ። ገጹን የሰራው ልጅ አቢሲኒካን መርጦ፣ ፋይሉንም ሰርቨር ላይ ጭኖ ነበር። ግን የፋይሉ ስም በትልቁ ኤ ይጀምራል፤ ሲኤስኤሱ ላይ በትንሹ ጽፎታል። ዊንዶውስ ልዩነቱን አይቆጥርም፣ ሊኑክስ ሰርቨር ይቆጥራል። ላፕቶፑ ላይ ስለሰራለት ሌላ ቦታ ሳይሞክር አስረከበ። ይሄ ያናድደኛል። የሰው ገንዘብ ነው!

ገጹን ኮምፒውተር ላይ በክሮም ከፍታችሁ ኤፍ 12 ተጫኑ፣ ኔትወርክ ውስጥ ፎንት የሚለውን መርጣችሁ ገጹን እንደገና ክፈቱ። ምንም ካልመጣ ፎንቱ አልተጠራም። ቀይ 404 («ፋይሉ አልተገኘም») ካያችሁ ስሙ ወይም አድራሻው ተሳስቷል። ከዚያ አማርኛውን ጽሑፍ በቀኝ ክሊክ «ኢንስፔክት» ብላችሁ፣ ኮምፒዩትድ በሚለው ክፍል ታች ድረስ ውረዱ። «ሎካል ፋይል» ካለ ገና አልተስተካከለም። «ኔትወርክ ሪሶርስ» ማለት አለበት።

ፋይሉ እየወረደም አማርኛው ካልተቀየረ የላቲኑን ክፍል ብቻ ገልብጣችኋል። ጉግል ፎንትስ ሲኤስኤሱን በየፊደል ዓይነቱ ከፋፍሎ ነው የሚሰጠው። ዩኒኮድ-ሬንጁ (የትኞቹን ፊደሎች እንደሚሸፍን በኮድ የሚናገረው መስመር) ውስጥ 1200 ያለበትን ፈልጉ፤ ግዕዙ እዚያ ነው። እኛ ከተማ አንድ ገጽ ላይ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቁቤው ላቲን ስለሆነ አምሮ ይወጣል፤ ሰው እሱን አይቶ «ሰርቷል» ብሎ ይሄዳል። ሁለቱንም ክፍል አስገቡ።

ርዕሱ ደፍርሶ የጨ እና የጬ ቀዳዳ ከተደፈነ፦ አቢሲኒካ ደማቅ የለውም፤ ብሮውዘሩ በግድ እያወፈረው ነው። ለርዕስ የኖቶን ደማቅ ተጠቀሙ።

መስመሮቹ ከተነካኩ ሲኤስኤሱ ላይ ላይን-ሃይቱን (የመስመሩን ከፍታ) 1.7 አድርጉት።

ጽሑፉ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ ነው። ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት ወይም እንደገና ተይቡት።

ኋ፣ ጿ ወይም ፦ ብቻ ሳጥን ከሆኑ ፎንቱ ጎደሎ ነው። እባካችሁ በቴሌግራም የሚዞር፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ፎንት ደንበኛ ገጽ ላይ አትጫኑ። ኒያላንም ከዊንዶውስ ገልብጣችሁ ሰርቨር ላይ አታስቀምጡ፤ ፈቃዱ የማይክሮሶፍት ነው። ኖቶና አቢሲኒካ በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የወጡ ናቸው። ለንግድ ገጽም ነጻ ናቸው፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ነው የማይቻለው።

ከማስረከባችሁ በፊት ፎንቱን ከላፕቶፓችሁ አጥፉት። ከዚያ ገጹን ገብቶበት በማያውቅ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት። የነጋዴውን ገጽ ከተስተካከለ በኋላ ያየሁት በጎረቤቴ ስልክ ነበር። «የጅማ ቡና» በአቢሲኒካ ሲመጣ ነው የደወልኩላቸው።