ኦክ «ሰላም»ን ሲቆጥር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሰላም» በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ የሚቆጥር የኦክ (awk፣ ጽሑፍን መስመር በመስመር እያነበበ የሚሠራ ፕሮግራም) ስክሪፕት ሐሳቡ ቀላል ነው፦ /ሰላም/ ያለበት መስመር ሲመጣ ቆጣሪው ላይ አንድ ደምር፤ ፋይሉ ሲያልቅ፣ ኤንድ (END) በሚለው ክፍል፣ ቆጣሪውን አትም። ስክሪፕቱ ያለ አንዳች ስህተት መልእክት ቁጥር ያወጣል። አስቸጋሪው ይኸው ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ከትክክለኛው በመልክ አይለይም።

መጀመሪያ፣ መስመርን እንደ ቃል መቁጠር። ኦክ የሚያነበው መስመር በመስመር ስለሆነ «ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለቤትህ» የሚለውን ሲያገኝ የሚደምረው 1 ነው። እያንዳንዱን ለመቁጠር ጂሰብ (gsub) የሚባለው ፈንክሽን አለ። ሥራው መተካት ቢሆንም ስንት ቦታ እንደተካ ቁጥሩን ይመልሳል፤ እሱን ቆጣሪው ላይ መደመር ነው። በመተኪያው ቦታ & ከተጻፈ የተገኘው ቃል በራሱ ስለሚተካ መስመሩ እንዳለ ይቆያል።

አማርኛ ላይ ትልቁ ጣጣ ግን ፊደሉ ነው። ኦክ «ሰላም» እና «ሠላም» አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም። «ሰላማችን» እና «ሰላሙ» ውስጥ ደግሞ «ም» ወደ «ማ» እና «ሙ» ስለተለወጠ ሁለቱንም ያልፋቸዋል፤ «ሰላምታ»ን ግን ይቆጥራል። ስለዚህ የትኛው ቅርጽ እንደሚቆጠር አስቀድሞ መወሰን ግድ ነው።

ሁለቱን ፊደላት ለመያዝ ብዙ ሰው [ሰሠ]ላም ብሎ ይጽፋል። ሎኬሉ (የሲስተሙ የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት) በሆነ ጂኤንዩ ኦክ ይህ በትክክል ይሠራል። ይሁንና ኦክ በ1977 እ.ኤ.አ. በቤል ላብስ ሲሠራ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነበር፤ እንደ ማውክ (mawk) ያሉት የኦክ ዓይነቶች ዛሬም የሚያዩት ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ቅንፉ ደግሞ አንዱን ባይት ብቻ ያነጻጽራል። የ«ሠ» እና የ«በ» የመጨረሻ ባይት አንድ ዓይነት ስለሆነ «በላም ወተት የተሠራ አይብ» ሰላም ተብሎ ይቆጠራል! (ሰ|ሠ)ላም ብሎ መጻፍ በሁሉም ላይ ያስተማምናል።

ሌሎቹ ቀለል ይላሉ። ቃሉ ጨርሶ ከሌለ የመጀመሪያው ስክሪፕት ባዶ መስመር ያትማል፤ ሲታተም ቆጣሪው ላይ +0 መጨመር 0 ያስወጣል። ብዙ ፋይል ከተሰጠው ቆጣሪው በየፋይሉ ከዜሮ አይጀምርም፤ የእያንዳንዱ ቁጥር ከተፈለገ በፋይሉ ስም የሚለይ አሬይ (ብዙ ቆጣሪዎችን የሚይዝ ሰንጠረዥ) ይጠቀሙ። ተርሚናል ላይ ደግሞ ስክሪፕቱን በነጠላ ጥቅስ ይክበቡት፤ በድርብ ጥቅስ ከሆነ $ን ሼሉ (የተርሚናሉ ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም) ቀድሞ ይተረጉመዋል።

ትልቅ ፋይል ላይ ከመልቀቅዎ በፊት ባለ አራት መስመር ፋይል ያዘጋጁ፦ በአንደኛው «ሰላም» ሁለት ጊዜ፣ በሁለተኛው «ሠላም»፣ በሦስተኛው «ሰላምታ»፣ በአራተኛው «በላም»። የመጀመሪያው ስክሪፕት 2 ይላል። ጂሰብ ከ(ሰ|ሠ)ላም ጋር «ሰላምታ»ን ጨምሮ 4 ይላል። በ[ሰሠ]ላም 5 ከወጣ፣ ያለዎት ኦክ የሚያነበው ባይት ነው።