በካርድ ክፍያ ቁጥጥር ላይ ነጋዴዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ሱቅ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ደንበኛ በካርድ በከፈለ ቁጥር ከሽያጩ ላይ የሚቆረጠውን ገንዘብ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ መንግሥት ለዚህ ክፍያ ስላወጣው ሕግ ግን በስህተት የሚታመን ብዙ ነገር አለ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት የሚቆረጠውን ሁሉ እንደ አንድ ክፍያ ማየት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ድርሻ ካርዱን ለደንበኛው ወደ ሰጠው ባንክ የሚሄደው ኢንተርቼንጅ የተባለው ክፍያ ሲሆን፣ የተወሰነው እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ላሉ የክፍያ መረቦች፣ ቀሪው ደግሞ ነጋዴው ለተዋዋለው ክፍያ አስተናጋጅ ድርጅት ይደርሳል። ሕጉ ጣሪያ ያበጀው ለኢንተርቼንጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ጣሪያው ለማንኛውም ካርድ ይሠራል ብሎ ማሰብ ነው። የ2010 የዶድ ፍራንክ የፋይናንስ ማሻሻያ ሕግ አካል የሆነውና በሴናተር ዲክ ደርቢን ስም የሚጠራው ድንጋጌ ዋጋ የገደበው በዴቢት ካርድ (ገንዘቡን ከደንበኛው የባንክ ሒሳብ በሚቀንሰው ካርድ) ላይ፣ ያውም ሀብታቸው 10 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ባንኮች ነው። በብድር በሚያስከፍለው በክሬዲት ካርድ ላይ ግን የዋጋ ጣሪያ አልተደረገም። የአውሮፓ ኅብረት ግን በ2015 ባወጣው ደንብ ለግል ተጠቃሚዎች ካርድ ዴቢቱን በ0.2፣ ክሬዲቱንም በ0.3 በመቶ ገድቧል።

ሦስተኛው፣ የአሜሪካው ጣሪያ ለሁሉም ነጋዴ ቅናሽ አመጣ ብሎ ማሰብ ነው፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ትንንሽ ነጋዴዎችን የሚጎዳ በመሆኑ ረጋ ብሎ ማስላት ያሻል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2011 ጀምሮ የሚሠራው ጣሪያ 21 ሳንቲም ከሽያጩ 0.05 በመቶ ጋር ሲሆን፣ ማጭበርበርን ለመከላከል የተቀመጠውን መስፈርት የሚያሟላ ባንክ 1 ሳንቲም ይጨምራል። ቀድሞ አማካዩ 44 ሳንቲም ገደማ ስለነበረ ቅናሹ ለሁሉም የደረሰ ይመስላል። ሆኖም በ100 ዶላር ሽያጭ ላይ 27 ሳንቲም የሚሆነው ይኸው ጣሪያ፣ በ3 ዶላር ቡና ላይ ወደ 22 ሳንቲም፣ ማለትም ከ7 በመቶ በላይ ይሆናል። መረቦቹ ለአነስተኛ ሽያጭ ይሰጡት የነበረውን ዝቅ ያለ ዋጋ ከጣሪያው በኋላ እስከ ጣሪያው ድረስ ከፍ በማድረጋቸው፣ ቡናና ጋዜጣ የሚሸጠው ሰው ሊረዳው በወጣ ሕግ ወጪው ጨመረበት። በእኔ እምነት ይህ የሕጉ ትልቁ ጉድለት ነው።

የአሜሪካው ሕግ ስለ ጣሪያ ብቻ ይናገራል ማለትም ስህተት ነው። እያንዳንዱ ዴቢት ካርድ፣ የትንሽ ባንክም ቢሆን፣ እርስ በርስ ባልተሳሰሩ ቢያንስ በሁለት መረቦች መሥራት አለበት፤ ነጋዴውም ክፍያው ርካሽ በሆነው መንገድ እንዲያልፍ የመምረጥ መብት አለው።

የመጨረሻው፣ ጣሪያው ሲወርድ ቅናሹ በራሱ ኪሳችን ይገባል ብሎ መጠበቅ ነው። ውሉ ለሁሉም ካርድ አንድ ወጥ መቶኛ የሚያስከፍል ከሆነ ባንኩ የሚወስደው ቢቀንስም ልዩነቱ በክፍያ አስተናጋጁ ዘንድ ሊቀር ይችላል። በአንጻሩ ኢንተርቼንጁን እንዳለ አስከፍሎ የራሱን ትርፍ ለይቶ የሚጨምር ውል ቅናሹን ለነጋዴው ያደርሳል። ስለዚህ ውል ከማደስ በፊት የወሩን የሒሳብ መግለጫ ይዞ፣ የባንኩ፣ የመረቡና የአስተናጋጁ ድርሻ ተለይቶ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።